ሞክሼ ፊደላት፦ ከጎጃም ጉባኤ ቤት እስከ ፐርል

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ የዓባይን ሸለቆ ሲሻገር በሸዋ በኩል በስተመጨረሻ የሚያገኘው ከተማ ጎሐ ጽዮን፣ በጎጃም በኩል መጀመሪያ የሚቀበለው ደግሞ ደጀን ነው። ሁለቱ ከተሞች ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ሸለቆ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ጎረቤታሞች ይሁኑ እንጂ፣ ስማቸው በጽሑፍ ሲሰፍር ዕጣቸው እጅግ የተለያየ ነው። «ደጀን» በሦስት ፊደላት የሚጻፍ፣ ከሦስቱም አንዱ እንኳ በድምፅ የሚመስለው ሌላ ፊደል የሌለው ስም በመሆኑ ማንም ቢጽፈው አንድ መልክ ብቻ ይይዛል። «ጎሐ ጽዮን» ግን የመጀመሪያው ፊደል «ጎ» ወይም «ጐ»፣ ሁለተኛው «ሀ»፣ «ሃ»፣ «ሐ»፣ «ሓ»፣ «ኀ» ወይም «ኃ»፣ ሦስተኛው «ጽ» ወይም «ፅ» ሊሆን ስለሚችል፣ በአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ላይ አንዳች ልዩነት ሳይፈጥር በ24 መልክ ሊጻፍ ይችላል። በመካከላቸው የሚፈሰው ወንዝ «ዓባይ»፣ «ዐባይ» ወይም «አባይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ደጀን የሚገኝበት አገርም «ጎጃም» ተብሎም «ጐጃም» ተብሎም ይጻፋል።

ለሰው ይህ ልዩነት ንባብን አያደናቅፍም፤ አንባቢ ዓይኑ ያየውን በጆሮው እየመዘነ ያልፋልና። ፊደልን በቁጥር ብቻ የሚያውቀው ኮምፒዩተር ግን በአንድ ፊደል የተለያዩ ሁለት ቃላትን ከናካቴው እንደማይተዋወቁ ስለሚቆጥር፣ «ጎሐ ጽዮን» ብሎ የጠየቀ ሰው «ጐሃ ፅዮን» ተብሎ የተመዘገበውን ፋይል አያገኝም። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ዓለም የዚህን ችግር ዘመድ የሚያውቀው በትልቁና በትንሹ ፊደል ልዩነት ሲሆን፣ መፍትሔውንም የፕሮግራም ቋንቋዎችን በሚተነትኑ መሣሪያዎች ውስጥ አበጅቶለታል። የኢትዮጵያ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መጠን የለውም፤ በምትኩ ያሉት ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ቅርጻቸው ተለያይቶ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ናቸው። እነዚህ ፊደላት ከብራና ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤትም ወደ ፐርል ፕሮግራም የተጓዙበት መንገድ በሁለት ሐሳቦች መካከል የተካሄደ ረጅም ክርክር ታሪክ ነው፤ አንደኛው ልዩነቱን መጠበቅ፣ ሁለተኛው ልዩነቱን መሻር ይላል።

የልዩነቱ ምንጭ ግዕዝ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና ዘመን በአክሱም በድንጋይ ላይ በተቀረጹት ጽሑፎች እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ድምፅ ይዞ የቆመ ነበር፤ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ሦስት የተለያዩ የጉሮሮ ድምፆች፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ደግሞ ሁለት ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ትግርኛ እስከ ዛሬ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» በንግግር ይለያል። አማርኛ ግን የጉሮሮዎቹን ድምፆች አዋሕዶ የግዕዝን ፊደል እንዳለ ስለወረሰ፣ ከድምፆቹ የበዙ ፊደላት ባለቤት ሆነ። ድምፁ ሲጠፋ ልዩነቱን የማስታወስ ሸክም ከጆሮ ወደ ትምህርት ተሻገረ፤ ሸክሙን የተሸከመውም የአብነት ትምህርት ቤት ነው።

ጎጃም በዚህ ትምህርት፣ በተለይም በቅኔ፣ ስሟ የገነነ አገር ናት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ የሚጎርፍባቸው ጉባኤ ቤቶች ነበሩ። በእነዚህ ቤቶች ሞክሼ ፊደላት በድምፅ ሊለዩ ስላልቻሉ እያንዳንዳቸው በሚገኙበት አንድ የታወቀ ቃል ተሰየሙ፤ «ሀሌታው ሀ»፣ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ»፣ «ንጉሡ ሠ»፣ «እሳቱ ሰ»፣ «አልፋው አ»፣ «ዓይኑ ዐ»፣ «ጸሎቱ ጸ»፣ «ፀሐዩ ፀ» ተባሉ። አሰያየሙ እጅግ ብልህ ነው፤ ተማሪው አንድን ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ የሚጠይቀውም መምህሩ የሚመልስለትም በእነዚህ ስሞች ነውና፣ ጆሮ የማይለየውን ነገር በቃል መለየት ተቻለ።

መምህራኑ በዚህ ጉዳይ የሚጠነቅቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በግዕዝ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሰውን ንብረት መውሰድን፣ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ግን የፀሐይን መውጣት ያመለክታል። «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሠራ ማለት ነው፤ «አመት» ገረድ፣ «ዓመት» የዘመን መለኪያ ነው። «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት በመሆኑ «መምህር» በሀሌታው ሀ፣ «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ይጻፋሉ። ከአንድ ቃል ሁለት ፍቺ ለማውጣት የሚራቀቀው ባለ ቅኔ ከየትኛው ግስ እንደተነሣ የሚታወቀው በፊደሉ ስለሆነ፣ በቅኔ ቤት ፊደል ማሳሳት ምሥጢሩን እንደማበላሸት የሚቆጠር ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ግን በብራና ላይ ሁልጊዜ ይሠራ ነበር ማለት አይደለም። ገልባጮች የሚጽፉት የሚናገሩትን ቋንቋ እየሰሙ በመሆኑ፣ አማርኛ በገነነባቸው ዘመናት በተገለበጡ የግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ ሞክሼዎቹ እየተቀያየሩ መግባታቸው የተለመደ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ቃል በሁለት መልክ ተጽፎ መገኘቱም ብርቅ አይደለም። የብራና ጽሑፎችን የሚያስተያዩ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ልዩነት ከእውነተኛ የንባብ ልዩነት ለይተው የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው። አንድን ልዩነት ለማዛመድ ሥራ ችላ እያሉ ለመዝገብ ሥራ መጠበቅ ኮምፒዩተር ያመጣው ነገር ሳይሆን ከእርሱ አስቀድሞ የኖረ የሊቃውንት ልማድ ነበር።

የኅትመት ዘመን ሲመጣ ክርክሩ ወደ መዝገበ ቃላትና ወደ ልብ ወለድ ገባ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግዕዝ ሰዋስው፣ ግስና መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ የተሰደረ፣ እያንዳንዱን ሞክሼ በቦታው የሚጠብቅ ሥራ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ መዝገበ ቃላታቸውን «ዐዲስ» ብለው በዓይኑ ዐ የጀመሩት ከዚሁ ትምህርት የተነሣ ነው። በሌላው ወገን የቆሙት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩት እኚህ ደራሲ የአማርኛ አጻጻፍ መሻሻል አለበት ብለው የተከራከሩ ሲሆን፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት ከላያቸው በነጥብ እስከ ማመልከት ደርሰዋል። ልዩነትን አጥብቆ ከሚያስተምረው የጎጃም ጉባኤ ቤት ወጥተው ለማሻሻል መሟገታቸው የክርክሩን ክብደት ያሳያል፤ ማሻሻልን የጠየቁት የፊደሉን ጥንተ ነገር የማያውቁ ሰዎች ብቻ እንዳልነበሩ ምስክር ነውና። በደርግ ዘመንም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሞክሼዎችን የመቀነስን ሐሳብ አንሥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጸሐፊውና ማተሚያ ቤቱ በየመንገዱ ስለቀጠለ የዛሬው አማርኛ የሁለቱም ልማዶች ቅልቅል ሆኖ ቀረ።

የላቲን ፊደል ዓለም ታሪክ ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው በሌላ በኩል ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ፎርትራን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲወጣ የዘመኑ ካርድ መብሻ ማሽን የሚያውቀው 48 ምልክት ብቻ በመሆኑና ትንንሽ ፊደላት በመካከላቸው ስላልነበሩ፣ የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ሁሉ በትልልቅ ፊደላት ይጻፉ ነበር። ቁልፍ ቃል ማለት የፕሮግራም ቋንቋ ለራሱ ያስቀረው፣ «አንብብ» ወይም «ድገም» እንደማለት ያለ የትእዛዝ ቃል ነው። አስኪ የተባለው የፊደል ኮድ በ1963 እ.ኤ.አ. ያለ ትንንሽ ፊደላት ወጥቶ በ1967 ሲሻሻል ሁለቱንም አካተተ፤ ትልቁና ትንሹም በ32 ቁጥር ብቻ እንዲራራቁ ስለተደረገ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ለማሽኑ ቀላል ሆነ። ከዚያ ወዲህ ተጠቃሚው በትልቅም በትንሽም ቢጽፈው ቁልፍ ቃሉን አንድ አድርጎ መቀበል የብዙ ቋንቋዎች ልማድ ሆኖ ሲቀር፣ እንደ ሲ ያሉት ሌሎች ቋንቋዎች ግን ልዩነቱን ጠበቁ።

ፐርል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ላሪ ዎል በታኅሣሥ 1987 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ዋና ሥራው ጽሑፍን መፈተሽና ማበጠር ነበር። ይህን የሚሠራው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን በሚባል የንድፍ አጻጻፍ ሲሆን፣ ጸሐፊው የሚፈልገውን ቃል በሁለት ሰያፍ መስመሮች መካከል አኑሮ ከኋላው ትንሿን የላቲን «አይ» ቢጨምር ፐርል የፊደልን መጠን ሳይለይ ያዛምዳል። በዚህ ላይ ሰዋስው ተንታኞች ተገነቡ። ሰዋስው ተንታኝ ወይም ፓርሰር ማለት የአንድ ጽሑፍ ክፍሎች በምን ተራ እንደሚከተሉ በሕግ መልክ ከተነገረው በኋላ፣ ጽሑፉን ቃል በቃል እያነበበ ከሕጉ ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጥና ክፍሎቹን ለይቶ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። አውስትራሊያዊው ዴሚያን ኮንዌይ የሠራው ፓርስ ሪክዴሰንትና የጄፍሪ ኬግለር ሥራ የሆነው ማርፓ ለፐርል ከተሠሩት መካከል የታወቁ ናቸው። በማርፓ ሰዋስው ውስጥ መጠንን ችላ የማለቱ ፈቃድ ከአንድ ቁልፍ ቃል ጎን በሚቀመጥ አጭር ምልክት ሊሰጥ ስለሚችል፣ አንዱ ቃል በትልቅም በትንሽም ሲታወቅ ጎረቤቱ ግን በተጻፈበት መልክ ብቻ እንዲታወቅ ማድረግ ይቻላል። ይህ ትንሽ የሚመስል አሠራር ለአማርኛ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ልዩነትን መሻር የሚገባው በጽሑፉ ሁሉ ላይ ሳይሆን ልዩነቱ ትርጉም በማይሰጥበት ቦታ ብቻ ነውና።

የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ከዚህ የትልቅና ትንሽ ፊደል ሥርዓት ጋር መጋጨቱ አልቀረም። የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ ከሆነው ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ለላቲን ፊደል በተዘጋጁት ጥቂት ቦታዎች ላይ የአማርኛን ቅርጾች የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ በዚህም አንድ የአማርኛ ቅርጽ በትልቁ የላቲን ፊደል ቦታ፣ ከእርሱ ጋር ዝምድና የሌለው ሌላ ቅርጽ ደግሞ በትንሹ ቦታ ይቀመጥ ነበር። መጠን ሳይለይ የሚፈልግ ፕሮግራም ባዕድ ለባዕድ የሆኑትን እነዚህን ሁለት ቅርጾች አንድ ያደርጋቸዋል፤ የዓረፍተ ነገርን መጀመሪያ በራሱ ወደ ትልቅ ፊደል የሚለውጥ የጽሕፈት ፕሮግራምም የአማርኛውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ሳይጠየቅ በሌላ ይተካዋል። በዚያ ዘመን አማርኛ ለጻፉ ሰዎች ይህ የየዕለት ፈተና ነበር።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድ ይወቅና ዳንኤል ያቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት የኢትዮጵያን ፊደል በላቲን ምልክቶች ብቻ ጽፎ በኢሜይል ለመላክ የሚያስችል ነበር። ሴራ ከአማርኛ ድምፆች ያነሱትን የላቲን ፊደላት ለማብቃቃት መጠንን እንደ መለያ ተጠቀመበት፤ ትንሹ «ቲ» ለ«ተ»፣ ትልቁ ለ«ጠ»፣ ትንሹ «ኤስ» ለ«ሰ»፣ ትልቁ ለ«ጸ»፣ ትንሹ «ኤች» ለ«ሀ»፣ ትልቁ ለ«ሐ» ሆኑ። እንደ «ለ»፣ «መ» እና «ረ» ላሉት ግን ትልቁም ትንሹም አንድ ነበር። የቦታ ስምን በትልቅ ፊደል መጀመር የለመደ ጸሐፊ «ደጀን»ን በትልቁ «ዲ» ቢጀምረው ሴራ የሚያነበው በኢትዮጵያ ፊደል ለተጻፈ ኦሮምኛ የሚያገለግለውን «ዸ» ወስዶ «ዸጀን» ብሎ ነው፤ «ጎጃም»ም በትልቁ «ጂ» ሲጀመር እንደ ብሊን ላሉ የአገው ወገን ቋንቋዎች ወደተመደበው ወደ «ጘ» ዘር ይሻገራል።

በሴራ የተጻፈን አማርኛ በፐርል ያለ መጠን ልዩነት መፈለግ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ጥቅምም ጥፋትም ነበረው። ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ያለያያቸው የፊደሉ መጠን ብቻ በመሆኑ «አይ» የምትለዋ ምልክት ሞክሼነታቸውን በትክክል ታስታርቃለች። ነገር ግን ያችው ምልክት «ተፋ»ን ከ«ጠፋ»፣ «ሰጋ»ን ከ«ጸጋ» ትደባልቃለች፤ በሴራ ኃምስ ፊደል የሚጻፈው በትልቁ «ኢ»፣ ግዕዙ በትንሹ ስለሆነም «ቤት» እና «በት» አንድ ይሆናሉ። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተቀመረ ችላ ባይነት ለአማርኛ እንዲያው እንዳለ ሲወሰድ የሚሽረው ተራ ልዩነትን ብቻ ሳይሆን ትርጉምንም ጭምር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶችን የያዘ የራሱን ክልል ሰጠው። በዚህ ክልል እያንዳንዱ የፊደል ዘር ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ በ«ሀሁ» ተራ ስለተሰለፈ፣ ፊደሉ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ በሒሳብ ብቻ ማወቅ ይቻላል። ሐመሩ ሐ ከሀሌታው ሀ በ16፣ ብዙኃኑ ኀ በ128፣ እሳቱ ሰ ከንጉሡ ሠ በ16፣ ዓይኑ ዐ ከአልፋው አ በ48፣ ፀሐዩ ፀ ከጸሎቱ ጸ በ8 ቁጥር ይርቃሉ። ዩኒኮድ እነዚህን ፊደላት ሁሉ መጠን የሌላቸው አድርጎ የመዘገባቸው በመሆኑ የፐርል «አይ» ምልክት በእነርሱ ላይ ምንም ውጤት የላትም፤ ስለዚህ የሞክሼው ሥራ በግልጽ መነገር ነበረበት። ፐርል በ2002 እ.ኤ.አ. በወጣው 5.8 እትሙ ዩኒኮድን በቅጡ ማስተናገድ ሲጀምር፣ ከ«ሐ» እስከ «ሖ» ያሉትን ከ«ሀ» እስከ «ሆ» ባሉት ተካ የሚል አንዲት አጭር ትእዛዝ ሰባቱን ፊደላት በአንድ ጊዜ ለማስታረቅ በቃች። እንዲህ ያሉ አምስት ትእዛዞች 35 ፊደላትን ወደ አቻቸው ይመልሳሉ፤ በአማርኛ ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ ስለሆኑ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» የሚመልሱ ሁለት ተጨማሪዎችም ያስፈልጋሉ።

ከሴራ አዘጋጆች አንዱ የሆነው ዳንኤል ያቆብ ከዚህ የተሻለ መንገድ አበጀ። የፐርል ፕሮግራሞች በጋራ በሚቀመጡበት ሲፓን በተባለው ማኅደር ባኖረው ሬጅኤክስፕ ኢትዮፒክ በተሰኘው ሞጁል፣ ፈላጊው በንድፉ ውስጥ አንድን ፊደል በእኩሌታ ምልክቶች መካከል ሲጽፍ ፕሮግራሙ የዚያን ፊደል ሞክሼዎች ሁሉ እንደሚቀበል፣ ቁጥር ሲጽፍ ደግሞ የዚያን ቁጥር ፊደል፣ ለምሳሌ ካዕብን ሁሉ፣ እንደሚቀበል ይረዳል። ብልጫው ጽሑፉ ሳይነካ መቅረቱ ነው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም ቢወስዱ፣ የመጀመሪያው ፊደል አራት፣ «ፀ» ሁለት፣ «ሐ» ስድስት መልክ ስላላቸው ሊጻፍ የሚችልባቸው መንገዶች 48 ናቸው፤ በዚህ ሞጁል ግን አንድ ንድፍ 48ቱንም ያገኛል፣ የስሙ ባለቤት የመረጠችው አጻጻፍም በመዝገቡ ላይ እንዳለ ይኖራል። የጉባኤ ቤቱ መምህር ፊደሉን እየጠበቀ በንባብ አንድ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ይህ አሠራር መዝገብን ከማዛመድ ለየ።

ሆኖም የጎጃም ንግግር ለዚህ ሥራ የራሱን ጥያቄ ያቀርባል። አማርኛን የሚያዘጋጁ ብዙ ፕሮግራሞች «ኸ»ን ከሞክሼዎቹ ጋር ቆጥረው ወደ «ሀ» ይመልሱታል። በጎጃም አነጋገር ግን «ከ» የሚለው መስተዋድድ ብዙ ጊዜ «ኸ» ሆኖ ስለሚሰማና እንደተነገረው ሲጻፍም «ኸደጀን መጣ» ሊባል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ማስታረቅ ቃሉን «ሀደጀን» አድርጎ ከዘመዱ ከ«ከደጀን» ለዘለቄታው ያለያየዋል። «ኸ» በመስተዋድድነት ከቃል ፊት ሲቆም ከ«ከ» ጋር፣ በሌላ ቦታ ከ«ሀ» ጋር መዛመድ አለበት፤ ይህንንም ፊደልን በፊደል የሚተካ ትእዛዝ ሊያውቀው አይችልም፣ የቃሉን አካል ከፍሎ የሚያይ ሰዋስው ግን ያውቀዋል። «ጐ» እና «ጎ»ም እንደ ሌሎቹ ሙሉ ዘር ከሙሉ ዘር ጋር በአንድ ትእዛዝ የሚታረቁ ስላልሆኑ፣ «ቈ» እና «ቆ»፣ «ኰ» እና «ኮ»፣ «ኈ» እና «ኆ»ን ጨምሮ እያንዳንዱ ጥንድ በስሙ መጠራት ይኖርበታል። የአገሩን ንግግር የማያውቅ ባለሙያ የሠራው ማስታረቂያ የአገሩን ጽሑፍ ማንበብ እንደሚያዳግተው ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ጉዳዩ ከቦታ ስምና ከሰው ስም አልፎ በብርቱ የሚያሳስበው በሕግ ጽሑፍ ላይ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከተመሠረተበት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት ሕጎች በየዘመኑ በተለያየ የአጻጻፍ ልማድ የታተሙ ናቸው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3,367 አንቀጾች አሉት፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም 106። የሕግ ጽሑፍ ቅርጹ ጥብቅ በመሆኑ ለሰዋስው ተንታኝ እጅግ ይመቻል፤ አንድ ድንጋጌ «አንቀጽ» በሚለው ቁልፍ ቃል ይጀምራል፣ ቁጥርና ርእስ ይከተሉታል፣ ከዚያም ንዑስ አንቀጾች ይዘረዘራሉ። የፌዴራሉን መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ያደረገው ድንጋጌ «አንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 2» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ ይሁንና በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤዎች «አንቀፅ»፣ «ንኡስ»፣ «ህግ»ና «ዐዋጅ» የሚሉት መልኮችም ስለሚገኙ፣ ተንታኙ ቁልፍ ቃሉን በአንድ መልክ ብቻ ከጠበቀ ግማሹን ጥቅስ ሳያይ ያልፋል።

እዚህ ላይ የማርፓን ዓይነት ፈቃድ ለአማርኛ መተርጎም የሚጠቅመው እያንዳንዱ ቁልፍ ቃል በየራሱ ሞክሼን ችላ እንዲል ሲደረግ ነው። «አንቀጽ» የሚለው ቃል «ጽ»ውን በሁለቱም መልክ ይቀበል፤ «ንዑስ» «ዑ» ወይም «ኡ»፣ «ስ» ወይም «ሥ» ይዞ ይምጣ፤ ከቁልፍ ቃሉ በኋላ ያለው የሕጉ አካል ግን አንዲት ፊደል እንኳ ሳትለወጥ ወደ መዝገቡ ይግባ። በሕግ አካል ውስጥ የተጠቀሰ የግዕዝ ቃል ካለ «መሀረ»ና «መሐረ» ተደባልቀው ማስተማርና ይቅርታ አንድ እንዳይሆኑ ይህ ግድ ነው። ተንታኙ ከዚህ ሌላ ቃልን ከቃል የሚለየው አንዳንዴ ባዶ ቦታ፣ በቀድሞ ጽሑፍ ደግሞ ሁለት ነጥብ መሆኑን፣ አራት ነጥብም በአንድ ምልክት ወይም ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት እንደሚጻፍ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ቁጥሩም በግዕዝ ወይም በዓረብኛ አኃዝ ይመጣል። አማርኛ መስተዋድድን ከቃል ጋር ስለሚያጣብቅም «በአንቀጽ»፣ «የአንቀጽ»፣ አንዳንዴም «ባንቀጽ» የሚሉት መልኮች በሰዋስዉ ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ግድ ነው።

የአማርኛን ጽሑፍ ለኮምፒዩተር የሚያጠኑ ሊቃውንት ወደዚሁ ችግር ደጋግመው ተመልሰዋል። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአማርኛን ቃላት ለመረጃ ፍለጋ ወደ ግንዳቸው የሚመልስ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የቃላት ክፍሎች በእጅ የተለጠፉበት 1,065 ዜናዎችንና ወደ 210,000 የሚጠጉ ቃላትን የያዘው የዋልታ ዜና ስብስብ፣ እንዲሁም የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ ከሥራዎቹ ጎላ ያሉት ናቸው። የዋልታ ስብስብ በፊደልም በሴራም መዘጋጀቱ፣ ሆርንሞርፎም በውስጡ ሴራን መሠረት ባደረገ የላቲን አጻጻፍ መሥራቱ ለኢሜይል ሲባል የተፈጠረ ሥርዓት ምን ያህል ዘመን እንደተሻገረ ያሳያል። በዚህ ሙያ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ጽሑፉን ሁሉ አስቀድሞ ወደ አንድ መልክ መመለስ ነው፤ ለስታትስቲክስ ሥራ ይህ ይበቃ ይሆናል፣ ለመዝገብና ለሕግ ግን ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ «ምሕረት» በ«ምህረት» ከተተካና ዋናው ቅጂ ከተጣለ፣ ጸሐፊው የትኛውን እንደጻፈ መልሶ ማወቅ አይቻልም።

የተሻለው አሠራር ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን መያዝ ነው። ዋናው ጽሑፍ በተጻፈበት መልክ ይቀመጣል፤ የታረቀው ቅጂ ለማዛመድ ብቻ ያገለግላል፤ ተንታኙ በታረቀው ቅጂ ላይ ቁልፍ ቃሉን ካገኘ በኋላ የተገኘበትን ቦታ ቆጥሮ ከዋናው ያነብባል። ሞክሼ ፊደል በሞክሼ ሲተካ አንድ ፊደል በአንድ ፊደል ስለሚለወጥ የቃሉ ርዝመት አይቀየርም፤ በታረቀው ቅጂ በ120ኛው ቦታ የተገኘ «አንቀጽ» በዋናውም በ120ኛው ቦታ ይገኛል። ይህ ስምምነት የሚፈርሰው «ኋላ» የሚለው ቃል «ሁዋላ» ተብሎ፣ «ቋንቋ»ም «ቁዋንቁዋ» ተብሎ ሲጻፍ ነው፤ አንዱ ፊደል ሁለት ስለሚሆን ከዚያ ቦታ በኋላ ያለው ቆጠራ ሁሉ ይዛባል። እንዲህ ያሉትን የሚያስታርቅ ፕሮግራም ፊደል በተጨመረ ወይም በተቀነሰ ቁጥር ልዩነቱን የሚመዘግብ ሠንጠረዥ ከታረቀው ቅጂ ጋር አብሮ መያዝ ይኖርበታል፤ ሠንጠረዡንም ጽሑፉ በታረመ ቁጥር እንደ አዲስ ማሰናዳት ያስፈልገዋል።